በስሜ የተሠሩ ቀኖች

የካቲት 2 ቀን 2004፣ ዓርብ

ስሜ ዳልጮ ነው። ዕድሜዬ ስድሳ ስምንት። እርሻው ግን ሃምሳ ዘጠኝ ብሎ ነው የሚያውቀው። ልመዘገብ ስሄድ ጢሜን ተላጭቼ ነበር፣ ማንም አልጠየቀኝም።

እስካሁን የምችለውን ልጻፍ። ከቤቴ እስከ እርሻው በእግሬ እሄዳለሁ፣ ባጃጅ አልይዝም። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ። የሽፈራው ቅጠልና የበቆሎ ኩርኩፋ ራሴ እቀቅላለሁ። ያለ መነጽር አነባለሁ፣ ቀስ ብዬ ከሆነ። ሦስቱን የውሃ በር ብቻዬን አነሳለሁ። በሮቹ እንጨት ናቸው፣ ውሃ ጠጥተው ጠጥተው ከብደዋል። አብሮኝ የሚሠራው ካሳ በሃያ ስምንት ዓመቱ ሁለተኛውን በር ሲያነሳ ያቃስታል። እኔ አላቃስትም።

ሚስቴ ሸዋነሽ በሕይወት ሳለች ቀን የምትቆጥረው እሷ ነበረች። የማን ሰርግ መቼ፣ የማን ተዝካር መቼ፣ የእኔ ተራ መቼ። ከሞተች አራት ዓመት ሆነ። እድር የሚሰበሰብበትን ቀን ሁለት ጊዜ ስቼ ተቀጣሁ። ስለዚህ ይህን ደብተር ሲቀላ ገበያ ወርጄ ገዛሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ላይ አገር ዶርዜ፣ ልጅ ከወለድኩ በኋላ። ጽሕፈቴ አያምርም። ለራሴ ነው።

ሥራዬ ውሃ ማጠጣት ነው። ከወንዙ የሚመጣውን ቦይ ከፍቶ ወደ ሙዙ መልቀቅ። አንድ ቀን እሠራለሁ፣ አንድ ቀን አርፋለሁ። እኔ በማርፍበት ቀን ተረኞቹ ኦይታና ካሳ ናቸው። እነሱ ሁለት ናቸው፣ እኔ አንድ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው።

ብሽሽቴ ላይ ያለው ነገር ትንሽ ጨምሯል። ትንሽ ነው።

የካቲት 6፣ ማክሰኞ

ሁለተኛውን በር ሳነሳ ያ ነገር ተገፍቶ ወጣ። ተቀመጥኩ። በእጄ መለስኩት። የሸዋነሽ መቀነት ሰፊ ነው፣ ራሴ ነኝ የሸመንኩላት። ከሣጥን አውጥቼ ይዤው ነበርና አጥብቄ ታጠቅኩት። ቀኑን ጨረስኩ።

ኦይታ ለላሙ ሣር ሊያጭድ ቦዩ ዳር መጥቶ ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬ አረማመድህ የሙሽራ ነው» አለኝ።

«ዝም ብለህ እጨድ» አልኩት።

የካቲት 9፣ ዓርብ

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ነርሷ ልጅ ናት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ አባት?»

«ከጥምቀት ወዲህ።» ካለፈው ዓመት ጥምቀት ነው፣ ግን የትኛው ብላ አልጠየቀችም።

ቡአ ነው አለች። ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ይጠገናል፣ አስቸጋሪ አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ወር ሸክም የሚባል የለም።

«ሦስት ሳምንት አይበቃም?»

«አይበቃም።»

«ጠንካራ ሰው ከሆነስ?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ፣ ካልተሠራ አንድ ቀን ወጥቶ አልመለስም ይላል፣ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው አለችኝ። የሆስፒታል ወረቀት ጻፈችልኝ። ደብተሩ ውስጥ አስገባሁት።

የእርሻው ደንብ እንዲህ ነው። ሦስት ተራ አከታትሎ የቀረ ሰው ስሙ ይሰረዛል። መመለስ ከፈለገ በር ላይ ከሚጠብቁት ኋላ ይሰለፋል። በየጠዋቱ ሃያ ሠላሳ ጎረምሳ እዚያ ቆሞ አያለሁ። ከነሱ መሃል ማን እኔን ይመርጣል።

ሦስት ወር ስንት ተራ ነው? አርባ አምስት።

የካቲት 13፣ ማክሰኞ

ጾም ትናንት ገባ።

ላይኛው ከተማ ሴቻ ወጣሁ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ። ዳገቱን በእግሬ ነው የወጣሁት። ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ሦስት ጊዜ።

የተቀበለኝ ልጅ ትሑት ነው፣ ወንበር ሰጠኝ።

«ቋሚ ሠራተኛ ነዎት?»

«አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቦይ ላይ ቆሜአለሁ።»

«የሥራ ውል አለዎት?»

«ስም ይጠራሉ፣ አለሁ እላለሁ።»

ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሕጉ ለታመመ ሠራተኛ ፈቃድ ይሰጣል። መጀመሪያ ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጥሎ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ ደግሞ ሦስት ወር ያለ ደሞዝ፣ ቦታው ግን ይጠበቅለታል። እርሻው ግን እኔን የሚያውቀኝ በቀን ሠራተኛነት ነው። ዛሬ ቀጥሮ ማታ ያሰናብተኛል፣ ነገ እንደ አዲስ ይቀጥረኛል። በወረቀት ላይ አሥራ አንድ ዓመት የሚባል ነገር የለኝም።

«ያለማቋረጥ መሥራትዎን ካስረዱ ግን ፍርድ ቤት መከራከር ይችላሉ» አለ።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ወራት። ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።»

«በምን አስረዳለሁ?»

«በምስክር። አብረውዎት በሚሠሩ ሰዎች።»

ኦይታና ካሳ ማለቱ ነው። ኦይታ ስድስት ልጅ አለው። ለእኔ መስክሮ በማግስቱ ስሙ ሳይጠራ ቢቀርስ? አላደርገውም።

ሌላም መንገድ ነገረኝ። ኃላፊውን ያለ ክፍያ ፈቃድ መለመን ይቻላል፣ ይሁን ካለ በጽሑፍ ይሁን አለ። ለሕክምናው ከቀበሌ የነጻ ወረቀት ማውጣት ይቻላል። ደሃ ነው የሚል ወረቀት በስሜ አላወጣም። አመስግኜ ወረድኩ።

የካቲት 16፣ ዓርብ

ሦስቱም በር። ምንም አልሆንኩም። መቀነቱ ጥሩ ነው።

ማቅለሽለሽ አለ። የጾም ምግብ ነው።

የካቲት 19፣ ሰኞ

ጌታነህ ዘንድ ገባሁ። የእርሻው ኃላፊ ነው፣ የተማረ፣ ሰው የሚያከብር። ኮፍያዬን አወለቅኩ።

«አንድ የማውቀው ሰው አለ» አልኩት። «መታከም አለበት። ሁለት ሦስት ወር ቢቀር ቦታው ይቆይለታል?»

«ቋሚ ነው?»

«የቀን ሠራተኛ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አባት፣ በእኔ ቢሆን እፈቅድለት ነበር። የቀን ሠራተኛ ግን የሠራበት ቀን ነው ያለው፣ ያልሠራበት ቀን የለውም። የእርሻው ባለቤት የሚለው እንደዚያ ነው፣ እኔም ቅጥር ነኝ።»

«እነግረዋለሁ።»

ልወጣ ስል ጠራኝ። «ለዚያ ሰው አንድ ነገር ጨምረው ይንገሩት። ከባድ በር ያለ ረዳት አያንሳ።»

ለምን እንደዚያ እንዳለ አልገባኝም።

የካቲት 25፣ እሑድ

ልጄ ልክነሽ መጣች። እዚሁ ሲቀላ ሆቴል አልጋ ልብስ ታጥባለች፣ እሑድ እሑድ ትጠይቀኛለች። ቤት ስትጠርግ ደብተሩን አንስታ ያችን ወረቀት አገኘች። ማንበብ ከእኔ ይልቅ ትፈጥናለች።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ወረቀት ነው።»

«ቀኑን አይቻለሁ። ሁለት ሳምንት አልፎታል!»

ሥራውን ተወው፣ እኔ ዘንድ ና፣ ታከም፣ ከዚያ እግዚአብሔር ያውቃል አለች። በልጄ ቤት ጥግ ተቀምጬ እሷ አጥባ ስትመጣ የእሷን ምግብ ልበላ? የሰው እጅ አላይም አልኳት። ልጅ ሰው ነው ወይ አለችኝ። ተቆጣኋት።

በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «እማዬም ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው እያለች ነው የሄደችው» አለች።

ይህን ማለት አልነበረባትም።

ያን ጊዜም ደንቡ ሦስት ተራ ነበር። ሸዋነሽ ስትታመም አንዱን ተራ ቀረሁ፣ ሁለተኛውን ቀረሁ። በሦስተኛው ዛሬ ይሻላታል ብዬ ሄድኩ። እሷም ሂድ ብላለች። ሂድ ማለቷን ልክነሽ ሰምታለች። ውሃው ሦስተኛው በር ሳይደርስ ሰው ሮጦ መጣ።

ስሜ አልተሰረዘም።

መጋቢት 1፣ ቅዳሜ

ልክነሽ ሽፈራው ቀቅላ በሰው ላከች። ዕቃውን አጥቤ መለስኩ።

መጋቢት 4፣ ማክሰኞ

ጠዋት ትንሽ አሞኛል። ተራዬ ስለሆነ እሄዳለሁ።

መጋቢት 10፣ ሰኞ

ትናንት ከሆስፒታል ወጣሁ። ልክነሽ ወደ ቤቷ ልትወስደኝ ነበር፣ ተከራክሬ አሸነፍኩ፣ ወደ ቤቴ መጣሁ። እሷም ፍራሿን ይዛ ተከትላኝ መጣች።

ማክሰኞ ሦስተኛው በር ላይ ያ ነገር ወጣ። በእጄ አልመለስ አለ። ቦዩ ዳር ወደቅኩ። ኦይታ ሣር ያጭድ ነበር፣ ማጭዱን ጥሎ መጣ።

«ጋሼ! ምን ሆንክ?»

«በሩን ዝጋው፣ ውሃው አዲሱን ሙዝ ያሰምጠዋል።»

መጀመሪያ በሩን ዘጋ፣ ከዚያ እኔን አዘለ። በሙዝ መኪናው ላይ ቅጠል አንጥፎ አስተኛኝ። ልክነሽን አስጠርቶ ተመለሰና የቀረውን ግማሽ ቀን ሠራልኝ። ስሜ አልጎደለም።

ሐኪሙ አንጀት ታንቆ ነበር አለ። ጥቂት ሰዓት ቢቆይ ኖሮ ብሎ ሳይጨርስ ተወው። ሦስት ወር ሸክም የለም፣ ስድስት ሳምንት ደግሞ ጭራሽ ሥራ የለም። ልክነሽ ለሕክምናው የእቁብ ተራዋን ከሰው ጋር ለውጣ ቀድማ እንደወሰደች በኋላ ሰማሁ። ጠየቅኳት። «አርፈህ ተኛ» ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

ረቡዕ ማታ ኦይታና ካሳ ሊጠይቁኝ መጡ። ብርቱካን ይዘው። ኦይታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ እኔና ካሳ ተነጋግረናል። ወንፈል ነው። በአንተ ቀን አንዴ እኔ፣ አንዴ እሱ እንገባለን። ስትድን ቀን በቀን ትመልሳለህ።»

«ስም ጠሪውስ?»

«ሲላስ አብሮኝ ነው የሚጸልየው። ዳልጮ ብሎ ይጠራል፣ እኔ አቤት እላለሁ።»

«ሲላስ መዋሸት ሊጀምር ነው?»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ እያለ ይጽፋል፣ ከንፈሩ ከወዲሁ ይታየኛል» አለ። ካሳ መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር። እሱ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ የዕረፍት ቀኑን ሲቀላ ጭነት እያወረደ ነው የሚያሳልፈው። «ካሳ፣ አንተ ፈቅደሃል?» አልኩት።

«ኦይታ ፈቀደልኝ» አለ። ከዚያ ሳቀ። «ግድ የለም ጋሼ። ብቻ ቶሎ ዳን።»

ኦይታ ሲሄድ «ስምህንም ሥራህንም ይዤልሃለሁ፣ ጾሙን ብቻ ራስህ ጹም» አለኝ። ስስቅ ስፌቱ አመመኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

መጋቢት 14፣ ዓርብ

የሁለት ሳምንቱ ክፍያ ቀን ነው። ኦይታ የእኔን አመጣ። አልቀበልም አልኩ፣ የሠራችሁት እናንተ ናችሁ።

«ጋሼ፣ ወንፈል በብር ይከፈላል እንዴ? ብር ከሰጠኸኝ እኮ ቀጠርከኝ ማለት ነው። አሽከርህ ነኝ?»

ትክክል ነው። በላይ አገርም እንደዚያ ነው። ቀን በቀን ነው የሚመለሰው። ተቀበልኩ። እጄ ግን ከበደው።

መጋቢት 19፣ ረቡዕ

ኦይታ 3 ከግማሽ። ካሳ 4። ልክነሽ ቁስሉን ታጥባለች። ዓይኔን እጨፍናለሁ።

መጋቢት 23፣ እሑድ

ተኝቼ አባቴን አስባለሁ። ወንፈል የሠሩለት ሰዎች ሥራው ሲያልቅ ከመበተናቸው በፊት ከማሳው ጫፍ ይቆምና ስማቸውን ጮክ ብሎ ይጠራ ነበር። እገሌ ሦስት ቀን፣ እገሌ ሁለት ቀን። ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ስም ሳይጠራ የቀረ ሰው ሊክድ አስቧል ይሉታል። አባቴ ሲጠራ ድምፁ ከታች ሰፈር ይሰማ ነበር።

እኔ ዘጠኝ ቀን ከግማሽ ወስጄ አንድም ስም አልጠራሁም። ካሳ በመንገድ ሲያልፍ ቤቴን አያይም። ምናልባት ሊክድ ነው ብሎ ይሆናል። ምናልባት ቸኩሎ ነው።

መጋቢት 28፣ ዓርብ

ክፍያውን ካሳ አመጣው። ሻይ ጠጣ አልኩት፣ እቸኩላለሁ አለ። በሩ ጋ ለልክነሽ ሲነግራት ሰማሁ። «ሚስቴ፣ ሽማግሌውን ያገባህ ይመስል ሁለት ቤት ታስተዳድራለህ ትለኛለች።»

ልክነሽ ሳቀች። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

ሚያዝያ 1፣ ሰኞ

ሕማማት። መስገድ አልቻልኩም። ቆሜ እንኳ ብዙ አልቆይም። ለልክነሽ ድኛለሁ አልኳት።

ሚያዝያ 8፣ ሰኞ

ትናንት ፋሲካ ነበር። ልክነሽ ዶሮ ሠራች። ዛሬ ተራዬ ነው፣ ሄድኩ።

ልክነሽ በር ላይ ቆማ «ስድስት ሳምንት ነው ያሉት፣ ገና አምስት አልሞላም» አለች። «እኔ ጠንካራ ነኝ» አልኳት። «አውቃለሁ፣ ሁላችንንም የጎዳን እሱ ነው» አለች።

ሲላስ ስሜን ሲጠራ ራሴ አለሁ አልኩ። ቀና ብሎ አየኝና ደስ አለው። ኦይታ ግን በዕረፍት ቀኑ መጥቷል። «ሣር ላጭድ ነው» አለ። ማጭድ አልያዘም። ሦስቱንም በር እሱ አነሳ። እኔ ውሃውን በእግሬ መራሁ።

ይህ ቀን የማን ነው? ግማሹ የእሱ ብዬ ጻፍኩ።

ሚያዝያ 12፣ ዓርብ

በሥርዓት ልጻፍ።

ክፍያ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ከሙዝ መጠለያው ሥር ተሰብስቧል፣ ሰማንያ ሰው ይሆናል። ጌታነህ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከጎኑ ባለቤቱ የላከው ሰው ነበር፣ መነጽር ያደረገ። እኔ አላሰብኩትም። ያሰብኩት ሰው ሁሉ እዚህ አለ፣ ስም የሚጠራበት ቀን ዛሬ ነው ብዬ ነው።

ከፍ ያለ ሣጥን ላይ ወጣሁ። ድምፄ ጥሩ ነበር።

«ስሙኝ! እኔ ዳልጮ ታምሜ ተኝቼ ሳለሁ ኦይታ ስምንት ቀን ከግማሽ ሠርቶልኛል። ካሳ ስምንት ቀን ሠርቶልኛል። በስሜ ገብተዋል። አልክድም። ቀን በቀን እመልሳለሁ!»

በላይ አገር ቢሆን እልል ይባል ነበር። እዚህ ግን ኦይታ ዓይኑን ጨፈነ። ካሳ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ባለ መነጽሩ ሰውዬ መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበና ለሲላስ «በስሙ ገብተዋል ማለት ምን ማለት ነው?» አለው።

ሲላስ መዋሸት አይችልም። ሁሉንም ተናገረ።

ሚያዝያ 13፣ ቅዳሜ

አልበላሁም።

ሚያዝያ 15፣ ሰኞ

የኦይታም የካሳም ስም ተሰርዟል። የሲላስ መዝገብ ተወስዶ ለሌላ ተሰጠ። የእኔ ስም ገና አልተሰረዘም፣ ሰውዬው ስለ ሽማግሌው እናያለን አለ አሉ። ይሄኛው ይብሳል።

ካሳ መንገድ ላይ አገኘኝ። «ሆስፒታል ሆድህን ሲሰፉ አፍህን ምነው አልሰፉልህ!» አለኝ። ሰው ቆሞ ሰማ። ሚስቱ በዚህ ወር ነው የምትወልደው።

ኦይታ ቤት ሄድኩ። ልጆቹ ወንበር አመጡልኝ። እሱ አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ አመሰገንከን እኮ ነው።»

«አጠፋሁ።»

«አጥፍተሃል። ግን ድምፅህ እንዴት ነበር! ስምንት ቀን ከግማሽ! ግማሿን እንኳ አልተውክም» ብሎ ሳቀ። ሚስቱ አልሳቀችም። ዕቃዎቿን በኃይል ታስቀምጥ ነበር።

ሲላስ ዘንድም ሄድኩ። ቤቱ ዘግቶ ይጸልይ ነበር፣ አላንኳኳሁም።

ሚያዝያ 17፣ ረቡዕ

ጌታነህ ዘንድ ገባሁ። በዚህ ጊዜ የማውቀው ሰው አላልኩም።

«ልጆቹን መልሳቸው» አልኩት። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አባት፣ አውቃለሁ። ግን ሰውዬው የሚለው ሦስቱም ተመካክረው መዝገብ አበላሹ ነው።»

«አልተመካከሩም። ዋሸኋቸው። ጌታነህ ፈቅዷል አልኳቸው። ለሲላስም እንደዚያው ነገርኩት። ኃላፊው ፈቅዷል ሲባል ምን ያድርጉ?»

በሕይወቴ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም። ጌታነህ ትክ ብሎ አየኝ።

«ይህን በጽሑፍ ካመጡ እኔ የማሳየው ነገር አገኛለሁ። ግን አባት፣ ከዚያ በኋላ የእርስዎ ስም ለዘላለም እዚህ መዝገብ ላይ አይገባም። ቢድኑም ባይድኑም። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

«ጸሐፊዋ ትጻፍልዎት፣ አውራ ጣት ይበቃል።»

«ራሴ እጽፋለሁ» አልኩት።

አራት ወረቀት አበላሸሁ። ውሸት መጻፍ ከማውራት ይከብዳል፣ እያንዳንዱ ፊደል ቆሞ ያይሃል። ዕድሜዬንም ጨመርኩ፣ ስድሳ ስምንት ነኝ፣ ቀድሞም አታልያችኋለሁ ብዬ። አንዴ ከጀመርኩ ይሙላ። ከታች ፈረምኩ።

ጌታነህ አንብቦ ሲጨርስ ተነስቶ እስከ በሩ ሸኘኝ።

ሚያዝያ 20፣ ቅዳሜ

ልክነሽ ከሰው ሰምታ መጣች። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ያን ጊዜ እማዬ ሂድ ስትልህ ሰምቻለሁ» አለች። ከዚያ ምሳ አቀረበች፣ በላሁ።

ሚያዝያ 24፣ ረቡዕ

ኦይታና ካሳ ተመለሱ። አስር ቀን ያለ ሥራ ቆዩ። ሲላስ ስም ከመጥራት ተነስቶ ሙዝ እንዲያስመዝን ተደረገ። ኦይታ ሊነግረኝ ሮጦ መጣ።

«ጋሼ፣ ኃላፊው ፈቅዷል ብለህ ዋሽተኸናል አሉ!»

«ዋሽቻችኋለሁ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አለና ሁለት እጄን ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

በእኔ ቦታ ከበር ላይ ከሚቆሙት ጎረምሶች አንዱ ገብቷል። በሮቹን ሲያነሳ ያቃስታል አሉኝ።

ግንቦት 1፣ ረቡዕ

ማታ ማታ ስፌቱ አካባቢ ትንሽ ያብጣል። ሙቀቱ ነው። ልክነሽ ዓርብ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን ብላለች። እሺ አልኩ። እሺ ስላት ደንግጣ አየችኝ።

ዕዳዬን ልጻፍ። የምመልሰው እኔ ነኝ፣ ልጄ አይደለችም፣ ማንም አይደለም።

ኦይታ፦ ወንፈል ስምንት ቀን ከግማሽ። ከተመለስኩ በኋላ በሦስት ቀን በሮቹን ያነሳልኝ ሦስት ግማሽ። አስር ቀን ሆነ። ሥራ የፈታው አስር ቀን። ሃያ። ሸክም አልችልም፣ ገመድ መፍተል እችላለሁ፣ ጋቢ መሸመን እችላለሁ። መሸመኛ ጉድጓዴን ከደንኩት እንጂ አልደፈንኩትም። ለሚስቱ ነጠላ፣ ለስድስቱ ልጆች የሚለብሱት። ስንት ቀን እንደሚፈጅ እሷ ትቁጠር፣ ይበቃል እስክትል ድረስ።

ካሳ፦ ወንፈል ስምንት። ሥራ የፈታው አስር። አስራ ስምንት። ሴት ልጅ ተወለደለት። ዛሬ ደጁ ሄጄ ለአልጋቸው ጠፍር ስጠግን ዋልኩ። አላናገረኝም። ሚስቱ ሕፃኗን ይዣት አንዴ እንድቆይ ሰጠችኝ። መያዜን አልቆጥርም። አስራ ሰባት ቀረ።

ሲላስ፦ ቀን አልሠራልኝም፣ ስሜን ነው የጻፈው። ይህ በስንት ቀን እንደሚመለስ አላውቅም። ሄጄ ራሱን እጠይቃለሁ፣ በዚህ ጊዜ አንኳኳለሁ።

ልክነሽ፦ እቁቧ። ቁስሌን ያጠበችበት ሃያ ሁለት ቀን።

ሸዋነሽ፦ አንድ ተራ።